መጀመሪያ ካርታው፣ ከዚያ ብስክሌቱ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ላለፉት 2 ዓመታት አስፋልት ላይ ብስክሌት ነድቻለሁ። መኪና አጠገቤ ሽው ብሎ ባለፈ ቁጥር ግን ትከሻዬ ይጨመደዳል፤ ደስታው ሁሉ ጠፍቶብኛል። አሁን መኪና በሌለበት የጠጠር መንገድ፣ በገጠር ኮረብታና በወንዝ ሸለቆ መሀል መንዳት እፈልጋለሁ። ያለኝ አሮጌ ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ነው። ሸጬው ግራቭል የሚሉትን የጠጠር መንገድ ብስክሌት ልግዛ? ለመጀመሪያ ቀን 70 ኪሎ ሜትር ዞሮ የሚመለስ መንገድ መርጫለሁ። መተግበሪያው ድምር ዳገቱ 1,450 ሜትር ነው ይላል። ወንዙን 2 ጊዜ ያሻግራል። አብሮኝ የሚነዳ ሰው የለም። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ የሚቀለውን ላስቀድም። ብስክሌቱን አትሽጪው። አዲስም አትግዢ፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት። የጠየቅሽኝ ስለ ብስክሌት ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን መንገዱ ነው። 15 ዓመት ያህል በጠጠር መንገድ ሰው ስመራ ኖሬያለሁ፤ ብስክሌትም እጠግናለሁ። ቀኑ የተበላሸበትን ሰው ሁሉ መለስ ብዬ ሳስብ፣ ብስክሌቱ ያሳፈረው ጥቂት ነው። አብዛኛው የተሳሳተው ገና ቤቱ ቁጭ ብሎ መንገድ ሲመርጥ ነው።

ስለ ብስክሌትሽ ይህን ልበልና ልለፍ። የአንቺን የመሰሉ የቆዩ የተራራ ብስክሌቶች ከፊት ትንሹ ማርሻቸው ብዙውን ጊዜ 22 ጥርስ ነው። ከኋላ ትልቁ 34 ይደርሳል። በርከክ ብለሽ ቁጠሪው። 22 በ34 ከሆነ፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ስታዞሪ ብስክሌቱ የሚሄደው 1 ሜትር ከ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 60 ዙር ብታዞሪ በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር ትወጫለሽ። ብዙ አዳዲስ ግራቭል ብስክሌቶች ከፊት አንድ ባለ 40 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 42 ይዘው ይመጣሉ። በዚያው የእግር ፍጥነት 7.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። 12 በመቶ ዳገት ላይ ግን ትንሽ አይደለም። 65 ኪሎ ሰውና 13 ኪሎ ብስክሌት ብለን ብናሰላ፣ የአንቺው 135 ዋት ገደማ ይጠይቅሻል፤ አዲሱ 210 ዋት። በ135 ዋት የለመደ እግር ላብ በላብ ሆኖም ቢሆን ይወጣል። በ210 ዋት ግን ብዙ ሰው ትንፋሹ ይቆረጣል። ያኔ ወይ ወርደሽ ትገፊያለሽ፣ ወይ ፔዳሉን በግድ እየረገጥሽ ጉልበትሽን ትጎጃለሽ። ስለዚህ ያ አሮጌ ብስክሌት ለኮረብታ የተፈጠረ ነው። ሰንሰለቱን አስመርምሪ፣ የፍሬን ላስቲኩን ቀይሪ፣ የቀረውን ገንዘብ ለጎማ አውጪው።

ጎማው ከ1.9 እስከ 2.1 ኢንች ስፋት ያለው ይሁን። መሀሉ ለስለስ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትናንሽ ጥርስ ያለው። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ጠንካራ መሬት ላይ እየጮኸ ጉልበት ይበላል።

ከጎማው በላይ ለውጥ የሚያመጣው ደግሞ በነፃ የሚገኘው ነገር ነው፤ አየሩ። የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ከዚህ አትለፊ ማለቱ ነው እንጂ እዚህ ድረስ ንፊ ማለቱ አይደለም። አስፋልት የለመደ ሰው ጎማውን እንደ ድንጋይ አድርቆ ይነፋና «ጠጠር መንገድ እጅ ያደነዝዛል» ይላል። በአንቺ ክብደት፣ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጎማ፣ ከፊት በ28፣ ከኋላ በ32 ፒኤስአይ (መንፊያው ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት መለኪያ) ጀምሪ። በየጉዞው 2፣ 2 እየቀነስሽ ሞክሪ። ድንጋይ ስትመቺ ቸርኬው «ቋ» ሲል ከሰማሽ ወሰኑ ላይ ደርሰሻል፤ 3 ጨምሪበት። ያንን ድምፅ ችላ ብትይ የውስጥ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መሀል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል።

አየሩ ልክ ሲሆን ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። የአውራ ጣት የምታህል ጠጠር ስትመጣ ጎማው ዋጥ አድርጓት ያልፋል። ደርቆ ሲነፋ ግን ይዘልላታል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም አይሰማ፣ መሪም አይሰማ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደዚያ 70 ኪሎ ሜትር።

1,450ን ለ70 ስታካፍይው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 21 ሜትር ገደማ ዳገት ይመጣል። እኔ በጠጠር ላይ የምጠቀምበት መለኪያ እንዲህ ነው። በኪሎ ሜትር እስከ 10 ሜትር ከሆነ፣ እያወራሽ የምትነጂበት ቀን ነው። ከ10 እስከ 15 ከሆነ ደህና አድርጎ ያሠራሻል። 20 ካለፈ የተራራ ቀን ነው፤ ልምድ ያለውም ሰው አስቦበት የሚወጣው። ዞሮ የሚመለስ መንገድ ላይ ደግሞ ዳገቱ በመላው 70 ኪሎ ሜትር አይደለም የሚወጣው፤ ቁልቁለቱ ሲቀነስ በግማሹ ላይ ነው። ስለዚህ ያ 1,450 ሜትር በ35 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይጨመቃል። አማካዩ 4 በመቶ ያልፋል። አማካይ ሲባል ውስጡ ሜዳውም አለበት፣ 14 በመቶውም አለበት።

ሰዓቱንም አስቢው። አስፋልት ላይ በሰዓት 20 የሚነዳ ሰው እንዲህ ባለ ጠጠር ላይ ከ12 ወይም 13 ብዙ አያልፍም። 5 ሰዓት ተኩል ፔዳል ላይ፣ ከዚያ ውኃው፣ እረፍቱ፣ ካርታ ማየቱ፣ ብስክሌቱን መግፋቱ። ጀንበር ትቀድምሻለች። ለመጀመሪያ ቀን ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ ከ400 ሜትር ያልበለጠ መንገድ ምረጪ። ይህን የምልሽ አቅምሽን አሳንሼ አይደለም። ሁለተኛውን ጉዞ እንድትናፍቂው ስለምፈልግ ነው።

እንዲህ ያለውን መንገድ እንዴት ታገኚዋለሽ? ብዙ ሰው «የወንዝ ሸለቆ ከሆነ ሜዳ ነው» ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ ልብ በይ፤ ወንዙ ሜዳ ነው ማለት መንገዱ ሜዳ ነው ማለት አይደለም።

ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች ያሉበትን ካርታ ክፈቺ። መንገድሽን በጣትሽ ተከተዪው። መንገዱ ከወንዙ ጎን ለጎን ከታች የሚሄድ ከሆነ፣ መስመሮቹን እምብዛም አያቋርጥም። የኮረብታው ወገብ ላይ የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ታያለሽ። ከኮረብታው እየወረደ ወደ ዋናው ወንዝ የሚገባ ገባር ባለበት ሁሉ መስመሮቹ ሹል ሆነው ወደ ገባሩ መነሻ ይታጠፋሉ። መንገድሽ በእያንዳንዱ ሹል ቦታ ወደ ገባሩ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ከማዶ ይወጣል። እነዚያን ሹል ቦታዎች ቁጠሪያቸው። በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ 12 ቢሆኑ፣ በእያንዳንዱም 40 ሜትር ወርደሽ 40 ሜትር ብትወጪ፣ 480 ሜትር ዳገት ወጣሽ ማለት ነው። መነሻሽና መድረሻሽ ግን እኩል ከፍታ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ አጫጭር ዳገቶች ከአንድ ረጅም ዳገት ይልቅ ያደክማሉ፤ እግር ሙቀቱን ሳይዝ ይጀምራሉ፣ ትንፋሽ ሳይረጋ ያልቃሉ፣ ከዚያ እንደገና።

ስለዚህ ለምመራቸው ሰዎች ሁልጊዜ የምለው አለ። ወይ በግርጌው፣ ወይ በአናቱ፣ በወገቡ ግን አትሂዱ። የተረተሩን አናት የሚከተል መንገድም ገባር ስለማያቋርጥ ደህና ነው። አንድ ጊዜ መውጣቱን ከቻልሽው፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ሁለት ሸለቆ እያየሽ ረጅም መንገድ በእፎይታ ትሄጃለሽ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መንገድ ይህ ነው፤ ጠዋት በተረተሩ ወጥቶ ከሰዓት በወንዙ ዳር የሚመለስ።

ካርታው ስለ መንገዱ ገጽም ይነግርሻል። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ የገጠር መንገዶች ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 1 ጠንካራና የተጠቀጠቀ ነው፤ 5 ለስላሳ አፈር ወይም ሣር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ይሆናል። ለመጀመሪያ ቀን ከ1 እና ከ2 አትውጪ። ከዚያ በሳተላይት ምስል አረጋግጪ። ወጥ የሆነ ነጭ ወይም ቡናማ መስመር ከሆነ መኪና የሚሄድበት ጠጠር ነው። ሁለት ቀጭን መስመር ሆኖ መሀሉ አረንጓዴ ከሆነ፣ አልፎ አልፎ ትራክተር ብቻ የሚያልፍበት ነው። ልብሽ የሚሻው ጸጥታ ያለው እዚያ ነው፤ ግን ፍጥነትሽ በአንድ ሦስተኛ እንደሚቀንስ ቁጠሪ።

በእውነት መኪና የማይደርስበት መንገድ ከፈለግሽ ደግሞ ባቡር ያለፈበትን ፈልጊ። በብዙ አገር አገልግሎት ያቆሙ የባቡር መስመሮች ሐዲዳቸው ተነስቶ፣ ጠጠር ተነጥፎባቸው ለእግረኛና ለብስክሌት ተሰጥተዋል። ምስጢራቸው ቀላል ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ከባድ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ አልፈው፣ ዳገቱን በአብዛኛው ከ2 በመቶ በታች አድርገው ሠሩት። የእነሱን ድካም አንቺ በእግርሽ ትወርሺዋለሽ።

በአሜሪካ ሚዙሪ ያለው ኬቲ ትሬይል እንዲህ ያለ መንገድ ነው። 386 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ብዙውን ከሚዙሪ ወንዝ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፤ የተነጠፈው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በኒውዚላንድ የኦታጎ የባቡር መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በ2000 ለብስክሌት ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ስፔን ከ1993 ጀምራ የተዘጉ ሐዲዶቿን «ቪያስ ቬርዴስ»፣ አረንጓዴ መንገዶች እያለች ለሕዝብ ስትከፍት ቆይታለች። በአሜሪካ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ የሚሄደው ግሬት አለጌኒ ፓሴጅ ደግሞ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከምበርላንድ ላይ ከአንድ ሌላ ድንቅ መንገድ ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ እስከ ዋሽንግተን 297 ኪሎ ሜትር ከሚሄደው የቦይ ዳር መንገድ ጋር። ያ ቦይ መቆፈር የጀመረው በ1828 ነው፤ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850። መንገዱ የተሠራው ለበቅሎዎች ነበር። በቅሎዎቹ በዳር እየሄዱ ውኃው ላይ ያለውን ጀልባ በገመድ ይጎትቱ ነበር። በቅሎ ቀኑን ሙሉ ጭነት የምትጎትትበት መንገድ ምን ያህል ሜዳ እንደሆነ ገምቺው።

ባለሽበት አካባቢ የተዘጋ ሐዲድ ወይም የቦይ ዳር መንገድ ካለ ከዚያ ጀምሪ። ከሌለ የጎርፍ መከላከያ ግንቦችን ዳር፣ መግቢያቸው ላይ አግዳሚ ያለባቸውን የደን መንገዶች እዪ። የባቡር መንገድ ላይ መብራት አትርሺ፤ ዋሻ ሊኖረው ይችላል። ዋሻ ውስጥ በቀትርም ጨለማ ነው፣ መሬቱም እርጥብ ነው። ያ የአለጌኒ መንገድ ቢግ ሳቬጅ የሚባል 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አለው፤ በብርዱ ወራት ጭራሽ ይዘጋል።

ስለ ሸለቆ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማይነግርሽን። ሰው ወንዝ ዳር ሲነዳ «ጠዋት ሽቅብ ልሂድ፣ ከሰዓት ደክሞኝ ቁልቁል ልመለስ» ይላል። ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በተራራ በተከበበ ሸለቆ፣ ፀሐያማ ቀን ላይ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው። ፀሐይ የተራራውን ጎን ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር ይወጣል፣ ከታች ያለው ሊተካው ይሮጣል። ጠዋት ግን ጸጥ ይላል፣ ወይም ቀዝቃዛው አየር ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። የወንዝ ዳር መንገድ ዳገቱ ግማሽ በመቶ ቢሆን፣ አንቺንና ብስክሌትሽን ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል ከ4 ኒውተን አያልፍም። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየነዳሽ 18 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥምሽ ግን ከ20 ኒውተን በላይ ይጨምርብሻል። ነፋሱ ዳገቱን 5 እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ ተገላብጦ አድርጊው። ጠዋት ወንዙን ተከትለሽ ውረጂ፣ ከሰዓት ነፋሱ ጀርባሽን እየገፋ ይመልስሽ። ጠዋት ሸለቆው ውስጥ እንደሚቀዘቅዝ ግን አትዘንጊ፤ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከታች ይጠራቀማል። ስስ የንፋስ መከላከያ ኪስሽ ውስጥ ትግባ።

ወደ መሬቱ እንውረድ። የጠጠር መንገድ በደንብ ሲሠራ መሀሉ ከፍ ያለ ነው፤ ውኃ ወደ ዳር እንዲፈስ። በ1 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። መኪኖች ደጋግመው ሲያልፉበት ጎማቸው ሁለት ጥርት ያለ መስመር ይፈጥራል። የተፈናጠረው ጠጠር ደግሞ መሀልና ዳር ላይ ይከመራል። አንቺ መሄድ ያለብሽ በዚያ በተጠረገው መስመር ላይ ነው። መስመር መቀየር ሲያስፈልግሽ ክምሩን በሰያፍ እየዳሰስሽ አትሻገሪው፤ የፊት ጎማው ይነጠቃል። ቀድመሽ ፍጥነት ቀንሺ፣ ፍሬኑን ልቀቂ፣ መሪውን ቀና አድርገሽ ቁርጥ ባለ ማዕዘን አቋርጪው። ብስክሌቱ ከስርሽ ትንሽ ይወዛወዛል። ይወዛወዝ፤ አትጨብጪው። መሪውን ወፍ እንደያዝሽ ያዢው፤ እንዳትበር፣ እንዳትታፈንም።

አንዳንድ ቦታ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ ታገኚዋለሽ። መኪና በፍጥነት ሲያልፍ ጎማው እየነጠረ የሠራው ነው፤ መኪኖች ፍሬን በሚይዙበት ከኩርባ በፊትና ዳገት ላይ ይብሳል። መፍትሔው ዳር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ለስላሳ ቦታ ይተርፋል። ካልተረፈ አንድ ማርሽ አክብጂ፣ ከኮርቻው ትንሽ ተነሺ፣ ጉልበትሽና ክርንሽ ይታጠፉ። አሸዋ ሲገጥምሽ ደግሞ ተመልከቺው እንጂ አትፍሪው። ቀለል ባለ ማርሽ ሳታቋርጪ አዙሪ፣ ክብደትሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ መሪውን በድንገት አታዙሪ።

ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው የሚጎዳው እዚያ ስለሆነ።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት 4 እጥፍ ይሆናል። ልቅ ጠጠር ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ፣ ለማሰቢያ 1 ሰከንድ ጨምረሽ፣ ለመቆም 10 ሜትር ገደማ ይበቃሻል። በ40 ስትሄጂ 27 ሜትር አካባቢ ያስፈልግሻል፤ ያውም በሜዳ። ቁልቁለት ላይ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ ደንቤ አንድ ነው፤ ከዓይንሽ በላይ አትፍጠኚ። ከኩርባው ወዲህ የሚታይሽ መንገድ 15 ሜትር ከሆነ፣ በ15 ሜትር ውስጥ መቆም በምትችይበት ፍጥነት ግቢ። ኩርባው ማዶ ቆማ የምታመነዥግ ላም ልትኖር ትችላለች።

ፍሬንሽን ኩርባው ሳይጀምር፣ ብስክሌቱ ቀጥ እንዳለ ጨርሺው። ሁለቱንም ያዢ፣ በአንድ ወይም በሁለት ጣት። ኩርባው ውስጥ ስትገቢ ልቀቂ። ወደ ኩርባው ውጭ ያለው ፔዳል ወደ ታች ይሁን፣ ክብደትሽን እሱ ላይ ጣዪው። ዓይንሽ ደግሞ መውጫው ላይ ይረፍ። ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ ድንጋዩን ያየ ድንጋዩን ይመታል። አንድ ጊዜ አብራኝ የነበረች ጎበዝ ነጂ፣ ከሰፊው መንገድ መሀል አንዲት የጡብ ግማሽ የምታክል ድንጋይ ብቻዋን ተቀምጣ አየች። ግራም ቀኝም 2 ሜትር ባዶ ነበር። ዓይኗን ማንሳት አቅቷት ቀጥ ብላ መታቻት። እግዚአብሔር ይመስገን የተቧጨረው ክርኗ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የማስተምረው ዓይንን ነው።

ዳገቱ ቀላል ነው፤ ተቀምጠሽ ውጪ። ከተነሳሽ የኋላ ጎማው ክብደት ያጣና ባዶውን ይሽከረከራል። መሀል ላይ ከቆምሽና እንደገና መነሳት ካቃተሽ፣ ብስክሌቱን ወደ መንገዱ ጎን አዙሪው። አግድም ሁለት ዙር ካዞርሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ታጠፊ።

መኪና የለም ስል ፈጽሞ አይመጣም ማለቴ እንዳይመስልሽ። የደን መንገድ ላይ በሥራ ቀን ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ይመጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ያላየ ሰው የሚቀጥለውን አይጠብቅም፤ አደጋው እሱ ነው። በጸጥታውም መሀል የራስሽን ጎን አትልቀቂ፣ ሁለቱንም ጆሮሽን አትድፈኚ። የተዘጋ በር ካገኘሽ ከፍተሽ ካለፍሽ በኋላ መልሰሽ ዝጊው፣ ክፍት ካገኘሽው ክፍቱን ተዪው። የከብቱ ጌታ ያን ያደረገው በምክንያት ነው። እንስሳ ስታዪ ከሩቅ ተናገሪ፤ ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ያስደነግጣል። ውሻ ሮጦ ከመጣብሽ ውረጂና ብስክሌቱን በመሀላችሁ አድርጊው። ብዙ ውሻ የሚያባርረው የሚሮጥን ነው፤ ቆሞ የሚያናግረውን ሰው ሲያይ ይረጋል።

ብቻሽን መሆንሽ አያስቀርሽ። ግን ለአንድ ሰው መንገድሽን ላኪለት፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውዪ ንገሪው፣ ካልደወልሽ ምን እንዲያደርግም ተነጋገሩ። ስልክ ሸለቆ ውስጥ አይያዝም ብለሽ አስቢ፤ ካርታውን ቤት ሆነሽ አውርጂው፣ መልእክትም ከተረተር ላይ ላኪ። የመመለሻ ሰዓት ወስነሽ ውጪ። ሰዓቱ ከደረሰ የትም ሁኚ የት ዙሪ።

በቦርሳሽ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ መንፊያ፣ ማጣበቂያና የብሎን መፍቻዎች፣ የሰንሰለት ማያያዣ ይኑር። አንድ ሌላ ነገርም፤ ባዶ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ቆርጠሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ ያዢ። በአሜሪካ ካንሳስ ፍሊንት ሂልስ የሚባሉ ኮረብታዎች አሉ። ከ2006 ጀምሮ 322 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የታወቀ የጠጠር ውድድር የሚካሄድባቸው ናቸው። ድንጋያቸው ባልጩት ስለሆነ የጎማን ጎን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። እንዲህ የተቆረጠ ጎማ ከውስጥ ካልተደገፈ አዲሱም የውስጥ ጎማ በቀዳዳው አብጦ ይወጣና ይፈነዳል። የሳሙናው ቱቦ ቁራጭ በጎማውና በውስጥ ጎማው መሀል ሲገባ ቤት ያደርሳል። እኔንም ከአንዴም ሁለቴ አድርሶኛል።

ውኃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ቁጠሪ። መብላት የምትጀምሪው ሳይርብሽ ነው፤ በየ40 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት። የወንዝ ውኃ ምንም ቢጠራ ሳታጣሪው ወይም ሳታክሚው አትጠጪ፤ ከላይ ከብት አለ።

የቀረው ያ ሁለት ጊዜ የሚያሻግረው ወንዝ ነው። ካርታው ላይ መንገድና ወንዝ ሲገናኙ ድልድይ መኖሩን ሁልጊዜ አይነግርሽም፤ ልታዪው ይገባል። በሳተላይት አጉዪው። የድልድይ ጥላ ውኃው ላይ ይታያል። ጥላ ከሌለና መንገዱ ውኃው ጋ ሲደርስ ሰፋ ብሎ የሚገባ ከሆነ፣ በእግር የሚሻገሩት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል። ብስክሌት ይዘሽ ደግሞ ውኃው የሚገፋው ገጽ ይበዛል። ታቹ ካልታየሽ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚትሽ ካለፈና እየሮጠ ከሆነ፣ አትግቢ። ሰማዩ ከራስሽ በላይ ጥርት ብሎ፣ ዝናቡ ከላይ ከተራሮቹ ላይ ጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚደርሰው። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ከዳሩ ራቂ።

አሁን የማስበው ሁለተኛውን መሻገሪያ ነው። በ70 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ ወንዙን ለሁለተኛ ጊዜ የምታገኚው በመመለሻው ላይ፣ ደክመሽ፣ መሽቶብሽ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ተሻግረሽ ሁለተኛው ሞልቶ ብታገኚው፣ ያለሽ አማራጭ የመጣሽበትን ሁሉ መመለስ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ዳርቻ ሳትወጪ ሄደሽ በዚያው የምትመለሽበትን 40 ኪሎ ሜትር ምረጪ። ያንን ትልቁን ዙር፣ ሁለቱም መሻገሪያዎች ድልድይ እንዳላቸው በዓይንሽ ካየሽ በኋላ፣ ውኃ በሚያንስበት ወቅት ሂጂበት።